የቤት ቁፋሮ፦ በጉልበት፣ በባክሆ ወይስ በባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር?

ደሴ ላይ ቤት ሊጀምር ያሰበ ወዳጅ ሲደውልልኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «መሬቱን በምን ላስቆፍር?» ብሎ ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። ቦታህ 200 ካሬ ሜትር አካባቢ ከሆነና ጥቁር ዋልካ ካልሆነ፣ ከፊት አካፋ ከኋላ መቆፈሪያ ክንድ ያለውን ባለ ጎማ ባክሆ ተከራይ። ባለ ሰንሰለቱን ኤክስካቫተር ተወው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችኝ ቦታ ቤት ስጀምር፣ ትልቅ ማሽን ቶሎ ይጨርሳል ተብዬ ባለ ሰንሰለቱን ተከራየሁ። አስፋልት ላይ በራሱ ስለማይሄድ ከኮምቦልቻ በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች፣ ተጭኖ መጣ፤ ለማመላለሻው ብቻ 18,000 ብር ወጣ። ኪራዩ በሰዓት 4,000 ብር ሲሆን ከ8 ሰዓት በታች አይከራይም። የእኔ ቁፋሮ በጠቅላላው 60 ሜትር ኩብ ነበር። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ሠርቶ ቆመ፤ እኔ ግን 50,000 ብር ከፈልሁ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። 1 ሜትር መውረድ የነበረበት መሠረት በአንዱ ጎን 1 ሜትር ከ60 ገብቶ ተገኘ። ግንበኛው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ወለሉን በድጅኖ ወጋ ወጋ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። «ያወጣኸውን አፈር መልሰህ ብትደለድለው እንደ ነበረው አይጠነክርም፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል» አለኝ። ትርፉን 60 ሳንቲ ሜትር በድንጋይና በሲሚንቶ ሞላነው። ይህ ወጪ ከማሽኑ ኪራይ በለጠ።

ጥር ላይ የእህቴን ቤት ስናስጀምር ባክሆ ጠራሁ። በራሱ ጎማ እየተነዳ ስለመጣ የሎቤድ ወጪ የለም። በሰዓት 2,500 ብር፣ 5 ሰዓት፣ 12,500 ብር። የቁፋሮው መጠን ያው 60 ሜትር ኩብ ነው። ከኦፕሬተሩ ጋር አስቀድመን የተስማማነው ከሚፈለገው ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው እንዲያቆም ነበር። የቀረውን ሁለት ሠራተኞች ሲባጎ ወጥረው፣ በውሃ ልክ እየለኩ በዶማና በአካፋ አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ ግንበኛው የጨመረው አንድም ድንጋይ የለም።

በጉልበት ብቻ ቢሆንስ? የቀን ሠራተኛ በ500 ብር በመካከለኛ አፈር በቀን 2 ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። ለ60 ሜትር ኩብ 15,000 ብር መሆኑ ነው፤ አምስት ሰው ስድስት ቀን። ከባክሆው ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ መግቢያው ጠባብ ወይም በደረጃ የሚወጣ ከሆነ አታመንታ፣ በሰው አስቆፍር። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ መንደር ብዙ ነው። አለት ከገጠመህ ግን ስድስቱ ቀን አሥራ አምስት ይሆናል።

ባክሆ ስትከራይ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት የመቆፈሪያ ባልዲውን ጥርስ ተመልከት። ሌላ ጊዜ የመጣልን ሌላ ባክሆ በሰዓት 2,200 ብር ብሎን ደስ ብሎን ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥርሶቹ እንደ አውራ ጣት ደንዝዘዋል። በቅርቡ የተለወጡ ቢሆኑም ብረታቸው ለስላሳ፣ ተመሳስለው የተሠሩ ነበሩ። መሬቱን ከመንከስ ይልቅ እየላጠው ይንሸራተት ጀመር፤ የሰዓት ቆጣሪው ግን አይንሸራተትም። ደግሞ እኩለ ቀን ላይ የሃይድሮሊክ ቱቦው ፈንድቶ ዘይቱ ጉድጓዱ ውስጥ ፈሰሰ። ባለማሽኑ ቱቦው እስኪለወጥ የቆመበትን ሦስት ሰዓት አስከፍላለሁ ብሎ ሙግት ገጠመን። ስለዚህ ቆጣሪውን ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ በስልክህ ፎቶ አንሣ። ብልሽትም ሆነ መኪና መጠበቅ እንደማይቆጠር፣ ነዳጁም የማን እንደሆነ በወረቀት አስፈርም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የአፈሩን ማስወገጃ ነው። የተቆፈረ አፈር ያብጣል፤ 60 ሜትር ኩብ ሲቆፈር ወደ 80 ይጠጋል። ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ እኛ ለአንዱ ጉዞ 4,000 ብር፣ በድምሩ 20,000 ብር ከፈልን። ከቁፋሮው በላይ ማለት ነው! ግቢህ ውስጥ መደልደያ የሚፈልግ ዝቅተኛ ቦታ ካለ አስቀድመህ ምልክት አድርግበት።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለምትሠሩ ምክሬ ይለያል። ጥቁሩ ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለል ያነሣል፣ ግድግዳ ይከፍላል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከ150 ካሬ ሜትር ላይ ጠርገህ ስታወጣ ከ220 ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ባለ ሰንሰለቱ ዋጋውን ያወጣል፣ በጭቃም እንደ ባክሆው ጎማ አይሰምጥም። በዋልካው ፋንታ ሰሌክት (ለመሙያ የተመረጠ፣ የማያብጥ አፈር) ስታስገባ ግን መኪናው ሳይገለብጥ ከላይ አይተህ ብቻ አትቀበል። ከላይ ቀይ ሰሌክት አልብሰው ከሥር ያንኑ ዋልካ የሚጭኑ አሉ። ከመሃል አንድ እፍኝ አውጣ፣ ውሃ ነካ አድርገህ በመዳፎችህ መካከል እንደ ክር አሽከርክረው። ሳይበጠስ ከቀጠነ ዋልካ ነው፤ መልሰው። ጥሩው ሰሌክት ይፈረፈራል። ስትሞላም 20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር እያረጠብህ ይጠቅጠቅ።

ተዳፋት ላይ ከሆንህ አፈሩን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገህ አስቆርጠህ ክረምት አትጠብቅ፤ ደሴ የመሬት መንሸራተት የምታውቅ ከተማ ናት። የጎረቤት አጥር ከላይህ ካለ መደገፊያ ግንቡ አብሮ ይጀመር። በልግ ከመግባቱ በፊት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቁፋሮው ይለቅ።

የመጀመሪያውን 25 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ደግሞ ባክሆው በፊት አካፋው ለብቻው ይከምርልህ፤ ከሥረኛው ጋር ከተቀላቀለ አትክልት አያበቅልም። የእህቴ ጌሾና ጤና አዳም የቆሙት በዚያ ክምር ላይ ነው። የእኔን ለም አፈር ገልባጩ ወስዶታል፤ ለግቢዬ አሁን አፈር በመኪና እገዛለሁ።