የቻርጅ ባውዛ የምትገዙ ሰዎች፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ብር እንዳትቆጥሩ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። 27,200 ብር የወጣባቸውን አራት የቻርጅ ባውዛዎች ይዤ ዛሬ ጠዋት ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄጄ ነበር። እንደያዝኳቸው ተመለስኩ። ብሩ የራሴ ቢሆን ይህን ያህል አልናደድም ነበር። የሕንፃችን ነጋዴ ከየሱቁ ያዋጣው ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ የተቃጠለ ማታ እኛም መርካቶ ውስጥ ደጅ ቆመን ነው ያደርነው። ከዚያ ወዲህ ሕንፃችን የራሱ የማታ ቡድን አለው። ስድስት ልጆች ናቸው። ጭስ ሲያዩ ቆጣሪ ያወርዳሉ፣ ሰው ያስወጣሉ፣ 939 ይደውላሉ፣ ትንሽ እሳት ከሆነ በማጥፊያው ይይዙታል። ኃላፊያቸው እኔ ነኝ። ቆጣሪ ከወረደ ምድር ቤታችን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገን መብራት ነበር።

የምፈልገውን አውቅ ነበር። በወፍራም ጓንት የሚበራና የሚጠፋ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል። ውሃ የማያስገባ። ብርሃኑ ደግሞ ጠባብና ረጅም እንጂ የሚበተን ያልሆነ። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አብርቶ የነዳ ሰው ይገባዋል፤ የተበተነ ብርሃን ጭስ ላይ ያርፍና ተመልሶ የራስን ዓይን ይጋርዳል።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «ጋሼ፣ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» የሚለው ነው። ሻይ የሚያዝዘው። ሁሉም ዕቃው ኦርጅናል፣ ሁሉም ከዱባይ የመጣ። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንቱ ይጨመራል» ሲለኝ፣ የሕዝብ ብር ላትርፍ ብዬ ተውኩት። ከደብተር ገንጥሎ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ማኅተም የለው፣ ምን የለው።

አሁን ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው ግን ይሄ ነው። ከመስታወት ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንዱን ባውዛ አውጥቶ አስያዘኝ። ይከብዳል፤ የእጅ አንጓ ይጎትታል። የሱቁን መብራት አጥፍቶ በኮሪደሩ ላይ አበራው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ገመድ ተዘረጋ። ከዚያ እንደበራ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ውሃ እየተንጠባጠበ ሲያወጣው አሁንም ይበራል። «እዩት ጋሼ!» አለኝ። ልጁን ልኮ አራት ካርቶን ከመጋዘን አስመጣ። የላይኛውን ካርቶን ፕላስቲክ በጥፍሬ ልቀድ ስል መዳፉን ቀስ ብሎ ካርቶኑ ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፕላስቲክ ከተነሳ ዋስትናው ይቀራል። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይሄ የሞከርነውስ አይሸጥም?» አልኩት።

«እሱ ሳምፕል ነው። እጅ የነካው ዕቃ ለእርስዎ አልሰጥም።»

እጄን ሰበሰብኩ። «እሺ» አልኩ። በዚች አንዲት «እሺ» ነው የተበላሁት። አራቱን በሁለት ፌስታል ይዤ ወደ ታክሲ ስሄድ ቀለሉኝ። ቅለታቸው ተሰምቶኛል! ቆም ብዬ ላስብ ሲገባኝ «ሊትየም ስለሆነ ይሆናል» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ቤት ወስጄ ሌሊቱን ቻርጅ አደረግኋቸው። አረንጓዴ መብራታቸው በራ፣ አንዴ አብርቼ አጠፋሁና ለልጆቹ አስረከብኩ።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ምድር ቤት የመብራት ሳጥን ጨሰ። ቆጣሪ ወረደ፣ 939 ተደወለ። አንዱ ልጅ በመጋዘኖቹ መሀል የቀረ ሰው እንዳለ ሊያይ ወረደ። እኔ ደረጃው አናት ላይ ሰዓት ይዤ ቆሜያለሁ። በ17ኛው ደቂቃ ብርሃኑ ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ከታች «ጋሼ፣ መብራቱ ሞተ» የሚል ድምፁ መጣ። ግድግዳ እየዳበሰ፣ እኔ ከላይ ስሙን እየጠራሁ፣ በድምፄ ነው የወጣው። ተመስገን፣ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ለ10 ሰዓት ያበራል የሚል ነበር።

በማግስቱ አንድ ቴክኒሻን ወዳጄ ከፈተልኝ። ውሃ ያግዳል የተባለው ላስቲክ ጭራሽ የለም። ውጪው ላይ ግን «አይፒ 67» የሚል ተለጥፏል። አይፒ 67 ማለት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ የማያስገባ ማለት ነው። የባትሪ ድንጋዮቹ ላይ፣ የሚይዙት ኃይል 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፏል። ወዳጄ ሳቀ። ይሄ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ ነው፤ በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው። ከጎረቤት የወርቅ ሚዛን ተውሶ አንዱን መዘነው። 27 ግራም። ትክክለኛው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ዛሬ ጠዋት ስሄድ ያ «እርስዎ» የለም። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። የሆነውን ስነግረው «እሳት ውስጥ አስገባ ማን አለህ?» ብሎ ጮኸ። የጻፈልኝን ወረቀት ብዘረጋለት አልነካውም። ካሸሯ ከስልኳ ቀና ሳትል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ተጽፏል እኮ» አለች። ያ ሳምፕል ግን እዚያው መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። «እሱን አውጣና ከኔው ጋር እንመዝነው» አልኩት። ቁም ሳጥኑን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ካርቶኖቹን ያመጣው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የሱቁ ደንበኞች ያዩኝ የነበረው እንደ ለማኝ ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ይቀየርልኝ የማለት መብት ይሰጣል። በተገነጠለ የደብተር ወረቀት ምን ብዬ ልከራከር?

የምትገዙ ካላችሁ፣ ደረሰኝ ውሰዱ። ሁሉንም ካርቶን እዚያው አስከፍቱ፣ ከሳምፕሉ ጋር በእጃችሁ አመዛዝኑ። ድንጋዩ ላይ 9900 ካያችሁ ውጡ። ለሥራ ከማሰማራታችሁ በፊት እስኪጠፋ አብሩትና ሰዓት ያዙ።

አራቱ ባውዛዎች ጠረጴዛዬ ሥር ናቸው። የዛሬ ማታ ተረኛ ቅድም መጥቶ «ጋሼ፣ የቱን ልያዝ?» አለኝ። የሚስቴን የእጅ ባትሪ ከቤት አስመጥቼ ሰጠሁት።