ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ማደር

ሮም ሁለት ሦስት ሌሊት ብቻ የምታድሩ ከሆነ ተርሚኒ አካባቢ ሆቴል ያዙ። ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ጣቢያው ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ በእግር ሆቴል መግባት ነው። የሜትሮው ኤ እና ቢ መስመሮች የሚገናኙትም እዚሁ ነው፤ ኮሎሲየም ሁለት ፌርማታ ብቻ!

እኔ ያረፍኩበት ሆቴል ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ግን በጣም ጠባብ። ሊፍቱ አንድ ሰው ከነሻንጣው ቢይዝ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ጫጫታ አለ፣ ስለዚህ ስትይዙ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል ጠይቁ። ቁርሱ ቀለል ያለ ነው፤ ቡናው ግን ግሩም። ያናደደኝ የከተማው ግብር ነው። በሰው፣ በየሌሊቱ፣ ለብቻው ይከፈላል፤ እንግዳ መቀበያዎቹ ግን ልወጣ ስል ነው የነገሩኝ። ይሄ ስገባ መነገር ነበረበት።

ማታ ጣቢያው ዙሪያ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፣ ስልክና ፓስፖርት ጠበቅ ማድረግ ነው።

ሰፈሩን ግን ወድጄዋለሁ። እንጀራ ሲያምራችሁ የሐበሻ ምግብ ቤት በእግር ታገኛላችሁ። ደግሞ ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው ወደ 500 የሚጠጉ የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ወስዳችሁ አሳዩአቸው፣ ታሪኩንም ንገሯቸው።