ካሜራው ድንቅ፣ ባትሪው እስረኛ

ሁለት ዓመት የተጠቀምሁበት ስልክ ነው። ካሜራው ዛሬም አያሳፍርም፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ስለ ድምፁ ብዙ የምለው የለኝም፣ ይሰማል።

ጣጣው ባትሪው ነው። ጠዋት ሞልቼው ብወጣም እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋ ጀመር። ላስለውጠው ብሄድ ጠጋኙ ስልኩን አገላብጦ ሣቀ፦ ጀርባው በሙጫ የታሸገ ነው፤ በሙቀት ሲላቀቅ ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። አምራቹን ብጠይቅ የመለሰልኝ የአዲሱን ሞዴል ማስታወቂያ ነው።

አዲሱን ብገዛ በኢኮኖሚው ሂሳብ ዕድገት ተብሎ ይመዘገባል። አሮጌውን ባቆየው ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ብሔራዊ ገቢን የማስላት ዘዴ ያደራጀው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ በቀረበው ሪፖርቱ፣ የሕዝብ ደኅንነት በዚህ ልኬት ሊገመት እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር። ማን ሰማው?

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጣለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። ለባትሪ ከሚውለው ኮባልት ከተባለው ማዕድን አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፤ በእጃቸው እየማሱ የሚያወጡትም አሉ። እነርሱ ይህን ስልክ የሚገዙ አይመስለኝም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ባትሪ እንዲገጠም ያዛል፤ መታገሥ የሚችል እስከዚያ ይታገሥ።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱም ለካሜራው።