በአንድ ጊዜ ወይስ በየተራ? የምርጫ ጊዜና የተወካዮች ጆሮ

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በሙሉ ለ5 ዓመት ይመረጣሉ፤ በአሜሪካ ሴኔት ግን የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ሆኖ ሲሶ ያህሉ አባላት በየ2 ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። የእኛው ሥርዓት መራጩ ምክር ቤቱን በአንድ ምርጫ እንዲለውጥ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ጀሪካን ደርድሮ ውኃ የሚጠብቅ የጎንደር መራጭ አቤቱታውን በ2ኛው ዓመት ቢያቀርብ፣ ምርጫው ገና ሩቅ በመሆኑ ተወካዩን የሚያጣድፈው ነገር አይኖርም (አመኔታ ያጣን ተወካይ ማንሣት በሕግ ቢፈቀድም ቀላል አይደለም)። የየተራው ምርጫ ብልጫ፣ የአንድ ግዛት 2 ሴናተሮች የሥራ ዘመን በተለያየ ጊዜ ስለሚያበቃ፣ አንደኛው ምንጊዜም ከሌላው ቀድሞ መራጩ ፊት መቅረቡ ነው። አንድ ተወካይ ብቻ ባለው የምርጫ ክልል ግን፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ብልጫ እምብዛም አይሠራም።