ነገ ለሚሄድ ሰው ሁሉንም ዛሬ የምትጨርስ ሲስተር (ድሬዳዋ)

ድሬዎች፣ በጅቡቲ መስመር የሚወጡትንና የሚመለሱትን ስደተኞች የምታክም አንዲት ነርስ አለች። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች «ሲስተር» እንበላት። አቦ ይመቻት!

ሌላ ቦታ የሚሆነውን እናውቃለን። በር ላይ «መታወቂያ!» ይባላል፤ መታወቂያው ደላላው ጋ ነው። ተለምነው ካስገቡም ለሁሉም ያው ግሉኮስ ይሰቀላል፣ ሂሳብ ይጠየቃል፣ «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ይባላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሰውየው በረሃ ላይ ይሁን ኦቦክ (የጅቡቲ ወደብ ከተማ) ማን ያውቃል?

ሲስተር ጋ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ልጅ መጣ። እናቱ ኦ አር ኤሱን (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጣ ታጠጣው ነበር። አንዱ ፓኬት የ1 ሊትር ነው፤ ውሃው ካነሰ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ተቅማጡን ያባብሳል፣ በ2 ሊትሩ ከሆነ ደግሞ ይቀጥናል። ሲስተር አልተቆጣችም። ሁለት ሙሉ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጆግ ውስጥ አስገልብጣ፣ በኦሮምኛ እያስረዳች እናትየዋን ራሷን አስበጠበጠቻት። ከዚያ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ ብሎ መቀጠል። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ከኦ አር ኤሱ ጋር ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዚንክም የ10 ቀኑን ሙሉ አስያዘቻት፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ግማሹ። የክንዱንም ዙሪያ ለካች፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቢሆን ከባድ የምግብ እጥረት ስለሆነ አትለቀውም ነበር።

የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሲመጣ የጀመረበትን ቀንና የመድኃኒቱን ዓይነት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋ በፌስታል ትጠቀልልለታለች። ላብ የበላው ወረቀት አይነበብም፤ ካልተነበበ ሕክምናው ይቋረጣል፣ ተቋርጦ የከረመ ቲቢ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ሴቶችን ብቻቸውን ነው የምታነጋግረው። «ወንድሟ ነኝ» ያለው ደላላ ሊሆን ይችላላ! ለተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የ28 ቀኑን በአንዴ ትሰጣለች።

ከዚራና ለገሃሬ ያላችሁ ባጃጅ ነጂዎች፣ ሻይ የምትሸጡ እህቶች፣ የታመመ መንገደኛ ካያችሁ እሷ ጋ አድርሱት። በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ ቦታውን እንጠቁማለን። ሲወስድ የነበረውን መድኃኒት፣ ባዶ እሽጉንም ቢሆን፣ ይዞ ይምጣ።