ድሬ ያላችሁ ሴቶች፦ «ሥልጠና፣ ሽጉጥና ፈቃድ በአንድ ላይ» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በቴሌግራምና በሰው በሰው ለሴቶች የሚቀርብ አንድ «ፓኬጅ» አለ። የአንድ ቀን የተኩስ ሥልጠና፣ «ለሴት እጅ የምትሆን» ትንሽ ሽጉጥና አንድ መቶ ጥይት ይሰጣችኋል፤ «ፈቃዱን ደግሞ እኛ እንጨርሳለን» ይላሉ። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ በቴሌብር ነው፣ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ። ደረሰኝም ቢሮም የለም። ወደ ሐረርም እናደርሳለን ይላሉ።

ከሥራ አምሽተው በባጃጅ ብቻቸውን ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ገንደ ቆሬ የሚገቡ፣ ቀፊራ ሱቅ ዘግተው የቀኑን ሽያጭ በቦርሳ ይዘው የሚወጡ ሴቶች ይህን ሰምተው ልባቸው ቢነሳሳ አንፈርድባቸውም። ስጋታቸው እውነተኛ ነው። የሚሸጥላቸው ነገር ግን ከሌባው የባሰ አደጋ ውስጥ ይከታቸዋል።

ከፈቃዱ እንጀምር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን በወንጀል ያስጠይቃል። ፈቃድ ሰጪው የመንግሥት አካል ነው፤ ማመልከቻው የሚመረመረውም በራሷ በአመልካቿ ማንነትና ሁኔታ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝም ሆነ ደላላ፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚልም ጭምር፣ የሚሸጠው ፈቃድ የለውም። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ መሣሪያ ነው። «መሣሪያውን ያዢው፣ ወረቀቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ማለት ለሁለት ሳምንት ሕገወጥ መሣሪያ ያዢ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ሐረር ስትወጡ ኬላ ላይ ቦርሳችሁ ቢፈተሽ ደላላው ስልኩን ያጠፋል፤ ቦርሳው ግን የእናንተ ነው። ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት ቢመጣ እንኳ የተጭበረበረ ከሆነ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ሌላ ክስ ይጨምራል።

ሁለተኛው ማታለያ ሽጉጡ ራሱ ነው። በርካሽ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ «ቱርክ» የሚባለው ነው። ቱርክ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት፤ እዚህ ላይ የምናስጠነቅቀው ግን ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተኩሱ ስለተቀየሩት ነው። የእነዚህ አካል ባብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የተጣለ ነው። የተሠራው የባዶ ጥይትን (አረር የሌለውን፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማውን) ግፊት እንዲችል ብቻ ነው። እውነተኛ ጥይት ሲጎርስ ግፊቱን አይችልም፤ ሊሰነጠቅ፣ የላይኛው ተንሸራታች አካሉም ወደ ተኳሿ ፊት ሊወረወር ይችላል። ጣት የሚቆርጠውና ዓይን የሚያጠፋው ይሄ ነው። አፈሙዙ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ስለሌለ የተተኮሰው አረር እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ ያነጣጠራችሁበት ቦታ ማረፉም አስተማማኝ አይደለም። ሽጉጡ ላይ «9 ሚሜ ፒ.ኤ.ኬ.» (9mm P.A.K.) የሚል ጽሑፍ ከተቀረጸበት ሲሠራ ድምፅ ማሰሚያ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንነግራችሁ ሄዳችሁ እንድትመረምሩ አይደለም። ሻጩ ፎቶ ሲልክላችሁ ምን እየሸጠ እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

ጥይቱም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሻጮቹ «ዘጠኝ ጥይት» ብለው ያልፋሉ። ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ የሚተኩሰው 9 በ18 ነው (የጥይቱ ስፋትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር)፤ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሽጉጦች 9 በ19፤ የድምፅ ማሰሚያዎቹ ባዶ ጥይት ደግሞ 9 በ22። የማካሮቭ አረር ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ9 በ19ኙ 9.01 ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ መሣሪያው ግን ያውቀዋል፦ ወይ ጥይቱ ውስጡ ይነከሳል፣ ወይ ይከሽፋል፣ ወይ ቀለሁ ውስጡ ይፈነዳል። ጥይቱን ከመሣሪያው ጋር ሳያስተያይ የሚሸጥ ሰው ስለ ደኅንነታችሁ ደንታ የለውም። አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት የት፣ በማን ላይ እንደተተኮሰበት አታውቁም። የተገደለ ሰው ካለ ፖሊስ መሣሪያውን የሚያገኘው እናንተ ቤት ነው።

«ለሴት እጅ የምትሆን ትንሽ ሽጉጥ» የሚለው ማባበያ በተለይ ያናድደናል፣ ምክንያቱም እውነቱ ተቃራኒው ነው። ለጀማሪ ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ከሁሉም የከፋ ነው። ክብደቱ ስለቀነሰ የጥይቱን ምት የሚያበርድለት የለም፤ እጅን አብዝቶ ይመታል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ስለተቀራረቡ ትንሽ ስህተት ዒላማው ላይ ሰፍታ ትታያለች። ብዙዎቹ ትናንሽ ሽጉጦች ስፕሪንጋቸው ጠንካራ ስለሆነ ለማቀባበልም ይከብዳሉ። በብዙ አገር የሚሠሩ ጥሩ አሠልጣኞች ጀማሪን የሚያስጀምሩት ሙሉ መጠን ባለው፣ ምቱ ለስላሳ በሆነ መሣሪያ ነው።

ቀጥሎ ሥልጠናው። «ከከተማ ወጣ ብለን ደረቅ ወንዝ ውስጥ» የሚል ነገር ከሰማችሁ እዚያው አቁሙ። ድሬ ዙሪያ ያሉት ደረቅ ወንዞች አሸዋቸው መሐል ድንጋይ አለ፤ ጥይት ድንጋይ ሲነካ አቅጣጫ ቀይሮ ይፈናጠራል። ከሽጉጥ የወጣ አረር ሳይቋረጥ ከሄደ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል፣ በእነዚያ ሸለቆዎች ደግሞ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ሕጋዊ የመለማመጃ ሜዳ ከዒላማው ጀርባ ድንጋይ የሌለበት ከፍ ያለ የአፈር ክምር፣ አንድ የተኩስ መስመር፣ ተኩስ የሚያስጀምርና የሚያስቆም አንድ ኃላፊ አለው። እነዚህ ከሌሉ ቦታው መለማመጃ አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ጥይት አይፈልግም። ጀማሪዋ መጀመሪያ የምትማረው መተኮስ ሳይሆን መሣሪያን ማራገፍ ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበትና ጥይት ወደሚቆምበት አቅጣጫ፣ ጣት ከቃታው ውጪ ይሁን። ከዚያ ካዝናው (የጥይት መያዣው) ይወጣል፤ ማካሮቭ ላይ መልቀቂያው ከእጀታው ሥር ከኋላ በኩል ነው። ካዝናው ከወጣ በኋላ የላይኛው አካል ወደኋላ ይሳባል፣ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፣ ማጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣትም ይዳሰሳል። ማካሮቭ መጠበቂያው ከተቆለፈ የላይኛው አካሉ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ለማራገፍ መጠበቂያው መከፈት አለበት፣ የአፈሙዙ አቅጣጫና የጣቷ ቦታ በጣም ወሳኝ የሚሆኑትም ያኔ ነው።

ሰው የሚሞተው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። መጀመሪያ የላይኛው አካል ተስቦ ካዝናው በኋላ ከወጣ፣ የመጀመሪያው ጥይት ቢወድቅም ሁለተኛው ከካዝናው ተስቦ ይጎርሳል። ካዝናው እጅ ላይ ስላለ «ባዶ ነው» ይባላል፣ ቃታ ይሳባል። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። ይህን በቃሏ ሳይሆን በእጇ ደጋግማ ሳትሠራ ጥይት የሚሰጣት አሠልጣኝ አሠልጣኝ አይደለም።

ቀጥሎ ባዶ መሣሪያ ይዞ መለማመድ ነው። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ላላ፣ ክብደት ወደፊት። ጀማሪ ሁሉ ምቱን ፈርታ ወደኋላ ታዘነብላለች፤ ያኔ የመጀመሪያው ተኩስ ሚዛኗን ያስታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የያዥ እጅ እጀታውን እስከ ላይ ከፍ ብሎ ይይዛል፣ የሌላው እጅ ጣቶች ከፊት ይጠቀለላሉ፣ ሁለቱም አውራ ጣቶች በአንድ ጎን ወደፊት ይጠቁማሉ። አውራ ጣት ከኋላ ከተሻገረች ተንሸራታቹ ሲመለስ ይቀረድዳታል። ማቀባበል የሚያቅታት ሴት ጉልበት አጥታ ሳይሆን በሁለት ጣት ስለምትጎትት ነው። መሣሪያውን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ የላይኛውን አካል ከኋላው በሙሉ መዳፏ ጨብጣ፣ እጀታውን ወደፊት ብትገፋ ይከፈታል። ያን ስታደርግ አፈሙዙ ወደ ጎን እንዳይዞር አሠልጣኙ አጠገቧ መቆም አለበት፤ አንድ አሠልጣኝ አሥር ጀማሪ መስመር ላይ አሰልፎ ይህን ሊቆጣጠር አይችልም። የመጀመሪያው ተኩስ ላይ አንድ ለአንድ ነው።

ተኩሱ ሲጀመር ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይገባል። ርቀቱ ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ ዒላማው ተራ የኤ4 ወረቀት። አምስት ጊዜ እንዲሁ በአንድ በአንድ ተተኩሶ ነው ወደ ሁለት የሚታለፈው። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሴት አረሯ ወደ ታች ግራ ከሄደ ምቱን ቀድማ እየጠበቀች እጇን እየደፋች ነው። መድኃኒቱ ተጨማሪ ጥይት አይደለም፤ አሠልጣኙ እሷ ሳታይ የማይተኩስ የመለማመጃ ጥይት ቀላቅሎ ይሰጣታል፣ ሳይተኮስ ሲቀር የእጇን መደፋት ራሷ ታያለች። ጥይት ከከሸፈ መሣሪያውን ሳታዞር፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረገች 30 ሰከንድ ትጠብቃለች፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ። ለመጀመሪያ ቀን ከ30 እስከ 50 ጥይት ይበቃል። ከዚያ በኋላ እጅ ይደክማል፣ መጥፎ ልማድ ብቻ ይተርፋል። «አንድ መቶ ጥይት በአንድ ቀን» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው የሚሸጠው ጥይት ነው።

ጆሮና ዓይንም አለ። የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፣ 140 ደግሞ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችል መጠን ነው። ጥጥ መወተፍ መከላከያ አይደለም፤ የጆሮ መሸፈኛና የዓይን መነጽር አሠልጣኙ ማቅረብ አለበት። በድሬ ሙቀት ነጠላ ጫማና አንገተ ሰፊ ቀሚስ ለብሶ መሄድ ይመጣል፣ ግን የጋለ ቀለህ ደረት ውስጥ ከገባ ሰው ሳያስበው መሣሪያውን ይዞ ይዞራል። አንገት የሚዘጋ ልብስና ሽፍን ጫማ ይልበሱ፤ ሒጃብ ወይም ሻሽ ከሆነ ጫፉ ልብስ ውስጥ ይግባ። እርጉዝና የምታጠባ ሴት ከተኩስ ሜዳ ትራቅ፤ ከጥይት የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ለሕፃኑ መርዝ ነው። ሌላዋም ሳትታጠብ አትብላ፣ ቤት ስትገባም ልብሷን ለብቻው ታጥበው።

እነዚህ ሻጮች ስለ ሕጉ የሚሉት «ራስሽን ለመከላከል ከሆነ ማንም አይነካሽም» ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይቀበላል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ የተወሰደው እርምጃም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ። ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አንቀጽ 79 ይናገራል። ስልክ ነጥቆ በሚሮጥ ልጅ ጀርባ ላይ መተኮስ መከላከል አይደለም። መከላከሉ ተቀባይነት ቢያገኝም እንኳ መሣሪያውን ያለ ፈቃድ መያዝ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቀራል።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ቀሪውን አትክፈሉ፣ ዕቃውን ለመቀበልም አትሂዱ፤ «ቀብድሽ እንዳይቃጠል ነይ ውሰጂ» ብለው ይደውላሉ፣ የተቃጠለው ገንዘብ ይሻላል። የቴሌብር የክፍያ መልእክቱንና የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፉ፤ የከፈላችሁበትን ቁጥርና ቀን በወረቀት ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። መሣሪያው ቀድሞ እጃችሁ ገብቶ ከሆነ በባጃጅ ይዛችሁት አትንቀሳቀሱ፣ ለሌላ ሰው አትሽጡት፣ ዴቻቱ ወንዝ ውስጥም አትጣሉት፤ ልጅ ያገኘዋል። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት፣ በዚያው ቀን ጠበቃ አማክሩና ለፖሊስ እንዴት እንደምታስረክቡ በእሱ በኩል አስጠይቁ።