ቴራፒስቷ አላጽናናችኝም፤ አምስት ኮከብ ለእሷ፣ ሁለት ለአፑ

ፍርዱን ላስቀድም። ሕክምናው ይሠራል። አፑ ግን ግማሹ ተቆርጦ ቢጣል ማንም አይጎዳም። እንዲያውም አንዳንዱ ነገሩ ሕክምናውን ያበላሻል፤ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

አገልግሎቱ በቪዲዮ የሚሰጥ የኦሲዲ (የማይለቅ ሐሳብና የሚደጋገም ድርጊት ያለበት የአእምሮ ሕመም) ሕክምና ነው። በቀጠሮ ከቴራፒስት ጋር ትገናኛላችሁ፤ በመሃል በስልካችሁ የቤት ሥራ ትሠራላችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለ፤ ደግሞም የምለው ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚሆን አይደለም። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጡ በዝተዋል፤ ሁሉም «በጥናት የተረጋገጠ» ይላሉ። ጥናቱ ምን እንዳለ፣ አገልግሎቱስ ያንን እየሠራ እንደሆነ ማየት ነው ቁም ነገሩ።

የእኔ ኦሲዲ ደጋግሞ የማረጋገጥ ነው። በር፣ ምድጃ፣ የላክሁት ኢሜይል። መቼም ኦሲዲ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው እጅ መታጠብ ነው፤ «እኔም እኮ ኦሲዲ አለብኝ፣ ጠረጴዛዬ ካልተስተካከለ አልሠራም» የሚል ሰው አታጡም። ወዳጄ፣ እሱ ሥርዓት መውደድ ነው። ኦሲዲ ያልጋበዛችሁት ሐሳብ መጥቶ አልለቅም ሲል፣ እሱን ለማብረድ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ስታደርጉ፣ ይህም ከቀናችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲበላ ወይም ኑሯችሁን ሲያናጋ ነው። አንዳንዱ ሰው «ልጄን እጎዳው ይሆን?» በሚል ሐሳብ ነው የሚንገበገበው፤ ያውም ልጁን ከነፍሱ አብልጦ እየወደደ። የዚህ ሰው ድርጊት ከውጭ ላይታይ ይችላል። በልቡ ይቆጥራል፣ ያለፈውን እያመላለሰ ይመረምራል፣ «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» እያለ ራሱን ያሳምናል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንኳ አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በመጠይቅ ያልቃል። ዬል-ብራውን የሚባለው መለኪያ ነው፤ በ1989 የታተመ፣ እስከ ዛሬ በጥናትም በክሊኒክም የሚሠራበት። 10 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ40 ነው። ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ ከ24 ጀምሮ ከባድ ይባላል። የወደድኩለት ነጥቡ የሚሰጠው ለሐሳቡ ይዘት አለመሆኑ ነው። ምን ያህል ጊዜ ይወስድብሃል፣ ሥራህን ምን ያህል ያውካል፣ ምን ያህል ያስጨንቅሃል፣ ትታገለዋለህ ወይ፣ ትቆጣጠረዋለህ ወይ። አለቀ። የሚያሳፍር ሐሳብ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀጥሎ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ቴራፒስቷ ጎበዝ ናት። ጥናት ትወዳለች፤ ግን እንደ ሌክቸር አታነበንብም። በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ልክ እንደ ታካሚዎቹ ዓይነት የሚያስደነግጥ ሐሳብ ብልጭ እንደሚልባቸው አገኙ። በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ 94 ከመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደመጣባቸው መናገራቸውን አሳይቷል። ፎቅ ላይ ቆሞ «ብዘልስ?» ያላለ ሰው ማን አለ? ስለዚህ ችግሩ የሐሳቡ መምጣት አይደለም። የምንሰጠው ክብደት ነው። ፖል ሳልኮቭስኪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1985 ነገሩን ከልክ ካለፈ ኃላፊነት ጋር አያይዞ ነው ያስረዳው፤ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል ዕዳው በእኔ ብቻ ላይ የወደቀ መምሰሉ። ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ጅል ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ቁጭ ብለን እንመረምረዋለን።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የምድጃው ጥናት ነው። ማርሰል ፋን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2003 ያወጡት ነው። ጤነኛ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ እንዲከፍቱ፣ እንዲዘጉና መዘጋቱን እንዲያረጋግጡ አደረጉ፤ ያውም ደጋግመው። ሌላው ቡድን በመሃል የሚያረጋግጠው አምፖል ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ስለ ምድጃው ሲጠየቁ፣ ምድጃውን ደጋግመው ያረጋገጡት ትክክለኛውን መልስ ከመስጠት አላነሱም። ትዝታቸው ግን ደብዝዟል፣ ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነትም ወርዷል። ገባችሁ? ባረጋገጣችሁ ቁጥር ጥርጣሬው ይብሳል። ሰው የማስታወስ ችግር ስላለበት አይደለም የሚያረጋግጠው፤ በማረጋገጡ ነው ትዝታውን ማመን የሚያቅተው። ዓመታት ሙሉ «ትኩረት ስለሌለኝ ነው» እያልኩ በሩን ትክ ብዬ ሳየው ለነበርኩት ሰውዬ ይህን ቀደም ብሎ የነገረው አልነበረም።

ሕክምናው ኢአርፒ ይባላል። የሚያስፈራውን ነገር ትጋፈጣላችሁ (ጋፈጣ የምለው ይህን ነው)፣ ከዚያ የለመዳችሁትን ማብረጃ አታደርጉም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቪክተር ማየር የሚባል፣ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በሁለት ታካሚዎች ላይ ሞክሮት በ1966 ጽፏል፤ ያኔ ኦሲዲ የማይድን ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት ሕመም ነበር።

ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠራ እንዲህ ነው። ስልኬን ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ካሜራው ወደ ውጭ እያየ፣ ከቤት ወጣሁ። በሩን ቆለፍኩ። እንደ ወትሮው መያዣውን ጎተት ጎተት ላደርግ እጄ ሲሄድ «እጅህን ኪስህ ውስጥ» አለችኝ ቴራፒስቷ በቪዲዮው። ከተትኩ። መጀመሪያ የሚሆነውን እንድገምት አድርጋኝ ነበር፤ «ካላረጋገጥኩ ጭንቀቱ መቆሚያ ያሳጣኛል፣ ደረጃው ጋ ስደርስ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

«ጭንቀትህ ከመቶ ስንት ነው?»

«ሰማንያ።»

«ጥሩ።»

ሰው ሰማንያ ሲልሽ ጥሩ ይባላል እንዴ? ተናደድኩ። «ቆይ፣ አንቺ እኮ አይተሽኛል። ቆልፌዋለሁ አይደል?»

«ቆልፈህ ይሆናል። ሳትቆልፈው ቀርተህም ይሆናል። ደረጃውን እንውረድ።»

ወረድን። ላብ አጥምቆኛል። ጭንቀቱ ወዲያው አልበረደም፤ መንገድ ዳር ቆሜ እየተወዛወዝኩ ገና ሰባ ላይ ነበርኩ። ግን አልተመለስኩም። እሷም የያዘችው ይህን ነው፤ «ጭንቀቱ መቆሚያ ያሳጣኛል ብለህ ነበር፣ ይኸው ቆመሃል» አለችኝ። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ እንደ ሚሼል ክራስክ ያሉ ተመራማሪዎች ዋናው ነገር ጭንቀቱ እዚያው መውረዱ ሳይሆን የፈራነው ግምት ከሆነው ጋር አለመግጠሙን መማራችን ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ግምቱን አስቀድማ የምታስጽፈው። ይህ ብቻ ለአምስቱ ኮከብ ይበቃል። ጭንቀቴን አይታ አልራራችልኝም፤ ብትራራልኝ ኖሮ መልሱን ትሰጠኝና ነገ ደግሞ እጠይቃት ነበር።

አሁን ቁጥሩ። በዚህ ሕክምና ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙ የሚጠቀሰው ኤድና ፎኣና ባልደረቦቿ በ2005 ያወጡት ነው። ለ12 ሳምንት አንዳንዱን በኢአርፒ፣ አንዳንዱን ክሎሚፕራሚን በሚባል መድኃኒት፣ አንዳንዱን በሁለቱም፣ ቀሪውን ደግሞ በማስመሰያ ክኒን አዩት። ከጀመሩት ሁሉ ለውጥ ያሳዩት በኢአርፒ 62 ከመቶ፣ በመድኃኒቱ 42፣ በሁለቱም 70፣ በማስመሰያው 8 ነበሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ብቻ ሲቆጠሩ ግን ኢአርፒ 86 ይደርሳል። ልዩነቱን አስተውሉ። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ ትልቅ ቁጥር ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያቋረጡት ተቆጥረዋል? ሕክምናው ከባድ ስለሆነ የሚያቋርጥ አይጠፋም፤ ይህን የሚደብቅ ድርጅት ደንበኛ እንጂ ታካሚ አይፈልግም።

«በቪዲዮ ምን ሕክምና አለ?» ለምትሉ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ስዊድን ውስጥ በ2012 በወጣ ጥናት 101 ሰዎች ተካፍለው፣ ቴራፒስት በጽሑፍ እየደገፋቸው በኢንተርኔት ለ10 ሳምንት ከታከሙት 60 ከመቶው በግልጽ ሲሻላቸው፣ በኢንተርኔት የማበረታቻ ምክር ብቻ ያገኙት ላይ 6 ከመቶ ብቻ ሆነ። እንዲያውም ለማረጋገጥ ዓይነቱ ኦሲዲ ቪዲዮ ይሻላል ባይ ነኝ። የማረጋግጠው በር ያለው ቤቴ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ምድጃዬ የለም።

አሁን ወደ አፑ። ኧረ ይህን የሠራው ሰው ቴራፒስቷን አንድ ቀን እንኳ አነጋግሯታል?

አንደኛ፣ ጋፈጣ እየሠራችሁ ጭንቀቱ ከፍ ሲል «አብረን እንተንፍስ» የሚል ሰማያዊ ክብ ብቅ ይላል። መተንፈስ ጥሩ ነው፣ ማንም አይቃወምም። ግን እዚያች ደቂቃ ላይ ጭንቀቱን ለማጥፋት ከተጠቀማችሁበት፣ በሩን ከመነካካት በምን ተለየ? አንዱን ማብረጃ በሌላ መተካት ነው። ቴራፒስቷ ራሷ አጥፋው አለችኝ። ማጥፊያውን ለማግኘት ሦስት ሜኑ ውስጥ መግባት አለባችሁ።

ሌላው ተከታታይ ቀን የሚቆጥረው ነገር ነው። የቤት ሥራችሁን ስትሠሩ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ አንድ ቀን ካለፋችሁ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለማረጋገጥ በሽተኛ! ምልክት አድርጌያለሁ ወይ ብሎ ሌሊት ተነስቶ የሚያይ ሰው እያፈራችሁ ነው እኮ።

ከሁሉም የባሰው ቻትቦቱ ነው። «በሩን ቆልፌ ይሆን?» ብዬ ጻፍኩለት፤ ለመፈተን ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው፦ «አትጨነቅ፣ ብዙ ጊዜ እንደምትቆልፍ ነግረኸኛል፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው።» ይኸውላችሁ። እሷ በሳምንት የምትገነባውን እሱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይንደዋል። የማይደክመው፣ የማይሰለቸው፣ በፈለጋችሁት ሰዓት የሚያጽናና ማሽን ለኦሲዲ ሰው መርዝ ነው። ቅሬታ ጻፍኩ፤ «አስተያየትዎን እናደንቃለን» የሚል መልስ መጣ። እሱንም ቻትቦቱ ይሆናል የጻፈው።

ከአፑ የወደድኩት የቤተሰብ ክፍሉን ነው። ኦሲዲ ቤት ውስጥ ረዳት ይቀጥራል። እናቴ «ዘግተሽዋል?» ስላት «አዎ ልጄ፣ ዘግቼዋለሁ» ስትለኝ ኖራለች፤ በፍቅር ነው። ጥናቶች እንዲህ ያለው ማገዝ ሲበዛ ሕመሙም በርትቶ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ክፍሉ ለቤተሰብ አጫጭር ቪዲዮ አለው፤ ሳይቆጡ፣ ሳያሾፉ፣ መልስ ሳይሰጡ እንዴት አብሮ መቆየት እንደሚቻል ያሳያል። እናቴ አሁን «እሱን የሚጠይቀኝ አንተ ነህ ወይስ ኦሲዲው?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን እንዴት እንዳበሳጨችኝ!

የመድኃኒት ነገር ላይ አገልግሎቱ ደካማ ነው። ሐኪም የላቸውም፤ «ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ» ብለው ነው የሚተዉት። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ለኦሲዲ ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ባለ መጠን ነው የሚታዘዙት፤ ውጤታቸውም እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው በወሩ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ደግሞ ኢአርፒ አይመለከተንም እንዳትሉ፤ በ2013 በወጣ ጥናት መድኃኒት እየወሰዱ ገና ካልተሻላቸው ሰዎች ኢአርፒ የተጨመረላቸው 80 ከመቶው ለውጥ አሳይተዋል፣ ሪስፐሪዶን የሚባል ሌላ መድኃኒት የተጨመረላቸው 23 ከመቶ ብቻ።

የትኛውንም አገልግሎት ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በቀጠሮው ሰዓት ምን እንሠራለን? «ስለ ልጅነትህ እናወራለን፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እንመረምራለን» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። መነጋገሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለኦሲዲ ማስረጃው ያለው ጋፈጣው ላይ ነው። «የምትፈራውን አብረን እንሠራለን፣ ቀስ በቀስ፣ ከቀላሉ ጀምረን» ካሏችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ሳትፈቅዱ የሚያስገድዳችሁ ከሆነም ጥሩ አይደለም፤ የእኔዋ አንድም ቀን ያልተስማማሁበትን አላሠራችኝም፤ ትጠይቃለች፣ እምቢ ካልኩ ዝቅ ያለ ታመጣለች፣ ዝም ብላ ግን አትለቀኝም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው ወይም ከአልጋ መነሳት ላቃተው ይህ አገልግሎት አይበቃም፤ በአካል ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

ወደ መጨረሻው ቀጠሮው ይሳሳል፤ ቴራፒስቷ ዝም ትልና ጋፈጣውን የምታቅዱት እናንተ ትሆናላችሁ። ያ ደግሞ በደንብ ተሠርቷል። ምዝገባውን ለማቋረጥ ግን ቅጽ ሞልታችሁ ኢሜይል መጠበቅ አለባችሁ፣ የጻፋችሁት ሁሉም ሂሳቡ ሲዘጋ ይጠፋል፤ የጋፈጣ ዝርዝራችሁን ቀድማችሁ አውርዱ።